አሎሃኔት፦ ገመድ አልባው ኢንተርኔት ከሀዋይ ደሴቶች እንዴት ተነሳ

ገመድ አልባ ኢንተርኔት ከዋይፋይ ጋር የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ሃያ ምናምን ዓመት ይቀድማል። ጁን 1971 ላይ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሀዋይ ውስጥ አንድ ተርሚናል (ራሱ የማያሰላ፣ መጻፊያና ማንበቢያ ብቻ የሆነ መሣሪያ) ያለ ምንም የስልክ መስመር፣ በሬዲዮ ብቻ፣ ከዩኒቨርሲቲው ትልቅ ኮምፒውተር ጋር መረጃ መለዋወጥ ጀመረ። ኔትወርኩ አሎሃኔት ይባላል። የኢንተርኔት አባት የምንለው አርፓኔት ራሱ ያኔ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ለምን ሀዋይ? የሀዋይ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ኦዋሁ ደሴት ላይ፣ ሆኖሉሉ ውስጥ ነው። ሌሎቹ ኮሌጆቹ በየደሴቱ ተበትነዋል፣ መሀላቸው ባሕር ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ አንድ ነው፤ አይቢኤም 360/65 የሚባል ግዙፍ ማሽን። በዚያ ዘመን ተጠቃሚው ፊት ያለው ተርሚናል ብቻ ነው፣ ሥራውን የሚሠራው ሩቅ ያለው ማሽን ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው የስልክ መስመር ነበር፤ ውድ ነው፣ ጥራቱም አያስተማምንም። ከዚህ የባሰው ግን ብክነቱ ነው። ሰውየው አንድ መስመር ይጽፋል፣ ያስባል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ እንደገና ይጽፋል፤ መስመሩ አብዛኛውን ሰዓት ባዶ ተቀምጦ ሒሳቡ ግን ይቆጥራል።

ኖርማን አብራምሰን የሚባል መምህር ይሄን ችግር ያዘው። ቦስተን የተወለደ ሰው ነው፣ ሀዋይ የሄደው ሰርፊንግ ስለሚወድ እንደሆነ ራሱ አልሸሸገም። ከፍራንክሊን ኩዎና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ሥራውን በ1968 ጀመሩ፤ ገንዘቡ በዋናነት አርፓኔትን ከሚደግፈው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት፣ ከአርፓ፣ ነው የመጣው።

አሎሃ የሚባለው ዘዴያቸው እስካሁን የሚያስደንቀኝ በቀላልነቱ ነው። ሁለት የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ነበራቸው። በ407.350 ሜጋኸርትዝ ሁሉም ተርሚናሎች ወደ ማዕከሉ ይልካሉ፣ በ413.475 ማዕከሉ ይመልሳል። በተለመደው አሠራር ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ድርሻ፣ ወይ ፍሪኩዌንሲ ወይ ሰዓት፣ ይመደብለት ነበር። አብራምሰን ምደባውን እንዳለ ተወው። የምትልከው ካለህ ዝም ብለህ ላክ። መረጃው የሚሄደው ፓኬት በሚባል ትንሽ ጥቅል ነው፤ አንድ ፓኬት ቢበዛ 80 ፊደል ይይዛል፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 9,600 ቢት ነው። ማዕከሉ በትክክል ከደረሰው "ደርሶኛል" ብሎ ይመልሳል። መልስ ካልመጣ ወይ ተበላሽቷል ወይ ከሌላ ሰው ፓኬት ጋር ተጋጭቷል ማለት ነው፤ ትንሽ ጠብቀህ እንደገና ትልካለህ። ወሳኙ ነገር ያ "ትንሽ" በዕጣ የሚወጣ መሆኑ ነው። ሁለት ሰዎች እኩል መናገር ጀምረው፣ እኩል ዝም ብለው፣ ደግሞ እኩል ሲጀምሩ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ሁለቱም እኩል ቢጠብቁ እስከ ነገ ይጋጫሉ። የተለያየ ጊዜ ከጠበቁ ግን አንዱ ይቀድማል፣ አለቀ።

ኪሳራ አለው። ሒሳቡ እንደሚያሳየው በዚህ መንገድ ከመስመሩ አቅም ቢበዛ 18.4 በመቶውን ብቻ ነው መጠቀም የሚቻለው። የአርፓው ላሪ ሮበርትስ በ1972 አንድ ማሻሻያ አመጣ፦ ጊዜውን በእኩል ቁራጭ ከፍሎ ሁሉም በቁራጩ መጀመሪያ ላይ ብቻ እንዲልክ ማድረግ። በዚህች ብቻ ቁጥሩ እጥፍ ሆነ፣ 36.8 በመቶ። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ዘጠና በመቶ ጊዜውን ባዶ ከሚቀመጥ የስልክ መስመር ይሻላል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አሎሃኔት በሳተላይት ከአርፓኔት ጋር ተገናኘ።

ከዚህ በኋላ ሐሳቡ በሁለት አቅጣጫ ሄደ። ቦብ ሜትካፍ የአብራምሰንን ጽሑፍ አነበበ፣ ሀዋይ ድረስ ሄዶም አየው፣ በ1973 ዜሮክስ ኩባንያ ውስጥ የቢሮ ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኘውን ኤተርኔትን ሲነድፍ መሠረቱ ይሄው ነበር። የጨመረው፣ ከመላክህ በፊት አዳምጥ፣ እየላክህም አዳምጥ፣ ግጭት ከሰማህ አቁም፣ በተጋጨህ ቁጥር ደግሞ የምትጠብቀውን ጊዜ አስረዝም የሚል ነው። እንግዲህ ያ የቢሮ ሰማያዊ ገመድ የሬዲዮ ልጅ ነው።

ሁለተኛው አቅጣጫ ይበልጥ ይገርመኛል፣ ሰውም ብዙ ጊዜ የሚዘለው እሱን ነው። አርፓ ከአሎሃኔት ተምሮ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ በተንቀሳቃሽ መኪና ላይ የሚሠራ የሬዲዮ ኔትወርክ ሠራ። አሁን ሦስት ኔትወርክ ሆነ፦ የገመዱ አርፓኔት፣ የሬዲዮው፣ የሳተላይቱ። ጠባያቸው አይገናኝም። መኪናው ድልድይ ሥር ሲገባ የሬዲዮው ፓኬት ይጠፋል፣ በሳተላይቱ የሚሄደው ይዘገያል። ቦብ ካንና ቪንት ሰርፍ ከ1973 ጀምሮ የሠሩት ቲሲፒ፣ ኢንተርኔት ላይ ኮምፒውተሮች መረጃ የሚለዋወጡበት ደንብ፣ የተወለደው ከዚህ ራስ ምታት ነው፦ መሀል ያለው መንገድ ዋስትና አይሰጥም፣ ስለዚህ የጠፋውን አውቀው እንደገና መላክ ያለባቸው ጫፍና ጫፍ ያሉት ኮምፒውተሮች ናቸው። ኖቬምበር 22 ቀን 1977 ሦስቱን አገናኝተው ሞከሩት። ካሊፎርኒያ አውራ ጎዳና ላይ ከሚሄድ መኪና የተነሳው መረጃ አትላንቲክን ተሻግሮ አውሮፓ ደርሶ በሳተላይት ተመልሶ ሎስ አንጀለስ ገባ፤ ከ140,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ። ማለትም ኢንተርኔት ገና ሲጸነስ ሬዲዮ ውስጡ ነበረ።

ዋይፋይ የመጣው ቆይቶ ነው። በ1985 የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን 2.4 ጊጋኸርትዝን ጨምሮ ጥቂት ፍሪኩዌንሲዎችን ለዚህ ዓይነት አገልግሎት ያለ ፈቃድ ክፍት አደረገ፣ በ1997 የመጀመሪያው መስፈርት ወጣ፣ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ነበር ያኔ። አሠራሩ ከኤተርኔት በአንድ ነገር ይለያል። ሬዲዮ እየላከ ሳለ የራሱ ድምፅ ስለሚያደነቁረው ግጭቱን መስማት አይችልም፤ ስለዚህ ቀድሞ ያዳምጣል፣ በዕጣ ይጠብቃል፣ ይልካል፣ "ደርሶኛል" እስኪባል ይጠብቃል። የሀዋይ ዘዴ ነው።

ስልካችሁም ውስጥ አለ። በጂኤስኤም (በ2ጂ የሞባይል ኔትወርክ) ስትደውሉ ስልኩ መጀመሪያ ከአንቴናው መስመር የሚጠይቀው በዚያው የሮበርትስ የተቆራረጠ አሎሃ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲደውል ጥያቄዎቹ ይጋጫሉ። የመጀመሪያው፣ ጥሬው አሎሃ ደግሞ ሎራዋን በሚባለው ቴክኖሎጂ ተመልሷል። የውኃ ቆጣሪና የእርሻ መሬት እርጥበት የሚለኩ ትንንሽ መሣሪያዎች ሲያሻቸው ተነስተው ይልካሉ፣ መልሰው ይተኛሉ። ማዳመጥም ሰዓት ማስተካከልም ባትሪ ይበላል፤ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚልክ መሣሪያ 18.4 በመቶው ይበቃዋል።