«ሳያዩ መግዛት ነው»፦ ስለ ኦንላይን ግዥ ከግንባታ ሳይት የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ግንባታ በዝቷል። ለሚ ላይ በ2017 ዓ.ም. መስከረም ግዙፍ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቋል። እኛ ተቋራጮች ግን ፕሮፎርማ (የሻጮችን የዋጋ ማቅረቢያ) ለመሰብሰብ አሁንም ከሱቅ ሱቅ እንዞራለን፤ አንድ የጨረታ ሰነድ ለመግዛትም ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር እንሄዳለን። ኦንላይን ግዥ ሲነሳ ከሥራ ባልደረቦቼ ደጋግሜ የምሰማቸውን ልመልስ።

«ሳያዩ መግዛት ነው፤ መታለል ነው»

ሱቅ ሄደንስ የምናየው ምኑን ነው? ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮንና (የኮንክሪት ብረትን) 11 ሚሊ ሜትር የሆነውን ዓይን አይለያቸውም፤ ሚዛን ነው የሚለያቸው። ትክክለኛ ባለ 12 በሜትር 0.888 ኪሎ ይመዝናል፤ 12 ሜትሩ ቤርጋ (አንዱ ሙሉ ዘንግ) 10.66 ኪሎ ገደማ ይመጣል። 11 ሚሊ ከሆነ ግን ወደ 8.95 ይወርዳል።

አንድ ጊዜ ደብረ ብርሃን ሳይት ላይ ፎርማናችን ከጭነቱ አምስት ቤርጋ መዝዞ፣ አንድ ላይ አስሮ ሚዛን ላይ ሰቀለው። ከ53 ኪሎ ማለፍ ሲገባው 45 እንኳ አልሞላም። ያንን ብረት ሱቅ ድረስ ሄጄ፣ በእጄ ዳስሼ የገዛሁት እኔ ነበርኩ። ልመልስ ስል የያዝኩት ደረሰኝ «ፌሮ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረውም።

ኦንላይን ትዕዛዝ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ዲያሜትሩን፣ ግሬዱን (የጥንካሬ ደረጃውን)፣ ርዝመቱንና ብዛቱን ትጽፋላችሁ፤ «ርክክቡ ሳይት ላይ በሚዛን ይሆናል» የሚል መስመር ትጨምራላችሁ፤ ቀሪውን ክፍያ ከርክክብ በኋላ ታደርጋላችሁ። ሲሚንቶም እንዲሁ ነው፤ «ሲሚንቶ 100 ኩንታል» ብሎ ማዘዝ ኦፒሲ (መደበኛ ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ለሚፈልግ አምድ ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበትን) ያስመጣል። አሸዋ ስታዝዙ ደግሞ እርጥብ አሸዋ ከደረቁ እስከ ሩብ ያህል አብጦ እንደሚታይ አትርሱ። በሜትር ኪዩብ የተስማማችሁበት ሲኖ (ገልባጭ መኪና) ሙሉ መስሎ ይመጣና ሲደርቅ ይጎድላል።

«የስልክ መልእክት ውል አይሆንም፤ ፍርድ ቤት አይቀበለውም»

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ይህን ፈትቶታል፤ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም። ችግሩ የኛ አጻጻፍ ነው። «እሺ ወንድሜ፣ ላክልኝ» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ነገር ዋጋውንም ዓይነቱንም አያስረዳም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ በስልክ የተነጋገራችሁትን ወዲያው ጽፋችሁ ላኩና «ተስማምቻለሁ» አስብሉ። ክፍያውም በባንክ ይሁን በቴሌብር፣ ወደ ድርጅቱ ሂሳብ እንጂ ወደ ደላላው ስልክ አይግባ። የቫት ደረሰኝ መቀበል እንደ ድሮው ግዴታ ነው።

«የጨረታ ዋጋችንን አስቀድመው ያዩብናል»፣ ወይም በተቃራኒው «ሙስና አከተመ»

የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደረጃ በደረጃ ወደ ኤሌክትሮኒክ የመንግሥት ግዥ ሥርዓት ገብተዋል። ሥርዓቱ ያስገባችሁትን ዋጋ እስከ መክፈቻው ሰዓት ቆልፎ ያቆያል፤ ማን መቼ ምን እንደነካም ይመዘግባል። የታሸገ ኤንቨሎፕ ይህን አያደርግም። ሙስና አከተመ ማለት ግን አይደለም። የጨረታው መስፈርት አንድ ድርጅት ብቻ እንዲያሟላው ተደርጎ ከተጻፈ፣ ኮምፒውተሩ የተጻፈለትን ነው የሚያስፈጽመው። ስለዚህ ሰነዱ ሲወጣ አንብቡት፤ ጥያቄና ቅሬታችሁንም በጊዜ ገደቡ ውስጥ በጽሑፍ አስገቡ።

«ይህ ለአዲስ አበባ ትልልቅ ኮንትራክተሮች ነው»

እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። ትልቁ ድርጅት አዲስ አበባ ቢሮና መልእክተኛ አለው። ሰነድ ለመግዛት፣ ለማስገባትና ለመክፈቻ ሲመላለስ ቀኑንና የትራንስፖርት ገንዘቡን የሚጨርሰው እንደ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ባሉ የሰሜን ሸዋ ከተሞች ያለው ተቋራጭ ነው።

«ኔትወርክ ስለሚጠፋ አያስተማምንም»

ኔትወርክ ይጠፋል፤ መብራትም ይጠፋል። ለዚህ ነው መጨረሻው ቀን ሳይደርስ ሰነዱን መጫን ያለባችሁ። እኔን ግን የጣለኝ ሰዓቱ ነው። መዝጊያው 10:00 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር መስሎኝ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተር ስከፍት ጨረታው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ተዘግቷል። የሁለት ሳምንት የዋጋ ስሌት እንዲሁ ቀረ። አሁን ለእያንዳንዱ ጨረታ ሁለቱንም ሰዓት ቢሮ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን እጽፋለሁ።