ኒር ሚስ ምንድን ነው? ማንም ሳይጎዳ ለምን ሪፖርት ይደረጋል?

በህክምና ኒር ሚስ የሚሉት በሽተኛው ጋ ሳይደርስ ለጥቂት የተያዘ ስህተት ነው። ደርሶ ከጎዳማ ሌላ ስም አለው፣ እሱን ደግሞ መደበቅ ይከብዳል፣ ቤተሰብ ግቢው ውስጥ ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

ለምሳሌ ቱሉ ዲምቱ ወይ ኮዬ ፈጬ አካባቢ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ አስቡ። ማታ ነው፣ ተረኛዋ ነርስ ብቻዋን ናት፣ ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶታል። የሩማቲክ ልብ ህመም ያለበት ልጅ የወር መርፌውን ሊወጋ ከውጭ ፋርማሲ የተገዛ ቤንዛቲን በፌስታል ይዞ መጥቷል፣ አልጋው ላይ ደግሞ ክሪስታሊን በደም ስር የሚወስድ ሌላ በሽተኛ አለ። ሁለቱም ፔኒሲሊን ናቸው፣ ሁለቱም በትንሽ ጠርሙስ ያለ ነጭ ዱቄት፣ በውሃ ነው የሚበጠበጡት። ግን ቤንዛቲን ጡንቻ ላይ ብቻ ነው የሚወጋው፣ ደም ስር ከገባ ልብ ሊያቆም ይችላል፣ ቀልድ የለውም። ነርሷ የልጁን በጥብጣ የሌላኛው ካኑላ (ደም ስር ውስጥ የገባችው ቀጭን ቱቦ) ላይ ልትገፋው ስትል ጠርሙሱን ደግማ አየችና "በስመአብ!" ብላ እጇን ሰበሰበች። ኒር ሚስ ይሄ ነው።

ከዛስ? አብዛኛውን ጊዜ ከዛ ምንም የለም። ተመስገን ተብሎ ሥራ ይቀጥላል፣ ነገ ማታ ሌላ ተረኛ ትገባለች፣ ጠረጴዛው ያው፣ ሁለቱ ጠርሙሶች ያው ጎን ለጎን። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ሰው ሳይሞት የተገኘ ትምህርት እንዲሁ ሲባክን።

ሪፖርቱ ረጅም ነገር አይደለም፣ ምን ሊሆን ነበር፣ የት፣ ስንት ሰዓት፣ ምን አሳሳተ፣ እንዴት ተያዘ፣ በቃ። የነርሷ ስም ባይኖርም ይሠራል። ኃላፊው አንብቦ መጀመሪያ "ማናት እሷ?" ካለ ግን አለቀ፣ ከዛ በኋላ አንድም ሰው አይጽፍም። "ሁለቱ ለምን አንድ ትሪ ላይ ተቀመጡ?" ካለ ትሪው ይለያል፣ "ጡንቻ ብቻ" የሚል ይለጠፋል፣ የአንድ በሽተኛ ተሰጥቶ ሳያልቅ የሌላው አይበጠበጥም ይባላል።

የአሜሪካ ፓይለቶች ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ አይነቱን የሚጽፉት ለናሳ ነው፣ ላይሰንስ ለሚነጥቃቸው መሥሪያ ቤት አይደለም፣ ስማቸውም ከሪፖርቱ ላይ ይሰረዛል። ለዛ ነው የሚጽፉት! እኛ ጋ ብዙ ቦታ ሪፖርቱን የሚቀበለውና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚፈርመው አንድ ሰው ነው፣ ታዲያ ማን ይጽፋል?

በነገራችን ላይ መድኃኒት ጎድቷችሁ ከሆነ ያ ኒር ሚስ አይደለም፣ እሱ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በቢጫ ቅጽ ነው የሚላከው፣ ባለሙያውን ሙላልኝ በሉት።

መድኃኒት በፌስታል ይዛችሁ ስትሄዱም ማዘዣውን አብራችሁ አሳዩ፣ "እህቴ ይሄ የጡንቻ ነው የደም ስር?" ብሎ መጠየቅም ድፍረት አይደለም፣ ቅር የምትሰኝ ካለች ትሰኝ።