የኅብረት ሥራ የአትክልት ሰፈር ምንድን ነው?

የኅብረት ሥራ የአትክልት ሰፈር የሚባለው፣ ነዋሪዎቹ በአንድ ማኅበር ውስጥ አክሲዮን ገዝተው ቤቶቹንና ክፍት ቦታዎቹን በጋራ የሚይዙበት፣ ከመነሻው በፕላን የተነደፈ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ነዋሪው ቤቱን በስሙ አይገዛም፤ የቤቱ ተከራይ ሆኖ የአከራዩ ማኅበር ባለድርሻ ይሆናል። ለዚህ ሐሳብ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በምዕራብ ለንደን፣ ኢሊንግ ውስጥ የሚገኘው ብሬንታም ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የእንግሊዝ ሠራተኛ በአብዛኛው ከግለሰብ ተከራይቶ የሚኖር ሲሆን፣ ኪራይ ሲጨመርበት ከመክፈል ወይም ከመልቀቅ በቀር ምርጫ አልነበረውም። አናጢ የነበረውና በኋላ የፓርላማ አባል የሆነው ሄንሪ ቪቪያን፣ በ1901 ከግንባታ ሠራተኞች ጋር ሆኖ ኢሊንግ ቴናንትስ የተባለውን ማኅበር አቋቋመ፤ የመጀመሪያዎቹ 9 ቤቶችም በዚያው ዓመት መሠራት ጀመሩ።

ሰፈሩን ከሌሎች የሚለየው ከዛፎቹ ይልቅ የማኅበሩ አሠራር ስለሆነ፣ እርሱን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ተከራዩ የአክሲዮኑን ዋጋ በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻለ ቀስ በቀስ ይከፍላል። ለአክሲዮን የሚከፈለው ትርፍ ከ5 በመቶ እንዳያልፍ የተገደበ በመሆኑ፣ ወጪው ሁሉ ተሸፍኖ የሚተርፈው ገንዘብ ለተከራዮች በከፈሉት ኪራይ መጠን ይከፋፈልና በስማቸው ወደ አክሲዮን ይዞራል። ቤቱን በጥንቃቄ የያዘ ሰው የጥገና ወጪን ስለሚቀንስ፣ የጥንቃቄው ዋጋ በትርፍ ድርሻው ተመልሶ ይደርሰዋል። ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድ ሠራተኛ ደግሞ ገዢ እስኪያገኝ በቤት አይታሰርም፤ ቤቱን ለቆ ሲሄድ አክሲዮኑ የራሱ እንደሆነ ይቀራል። በእኔ እምነት የቪቪያን ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ የባለቤትን ዋስትና ከተከራይ ነፃነት ጋር አጣምሯልና።

አትክልቱ የመጣው ቆይቶ ነው። እንግሊዛዊው ኤቤኔዘር ሃዋርድ በ1898 ያሳተመው የአትክልት ከተማ ሐሳብ፣ ማለትም የከተማንና የገጠርን ጥቅም ያጣመረ አዲስ ከተማ የመመሥረት ሐሳብ፣ በ1903 ከለንደን በስተሰሜን ባለችው በሌችወርዝ መሬት ላይ መዋል ከጀመረ በኋላ፣ የሌችወርዝን ፕላን የነደፉት ሬይመንድ አንዊንና ባሪ ፓርከር በ1907 የብሬንታምንም ፕላን አዘጋጁ። ልዩነቱ ዛሬም እዚያው ሰፈር ውስጥ ይታያል፤ ቀደም ብለው የተሠሩት ቤቶች በቀጥተኛ መንገድ ዳር ተያይዘው የተሰለፉ ሲሆኑ፣ ከ1907 ወዲህ ያሉት ግን ጠመዝማዛ መንገድን ተከትለው በትናንሽ ቡድን የቆሙ፣ በግንብ አጥር ፈንታ በተከረከመ ቁጥቋጦ የታጠሩና የጓሮ አትክልት ቦታ ያላቸው ናቸው። እስከ 1915 ድረስ ከ600 በላይ ቤቶች ተሠርተዋል።

በ1911 የተከፈተው የብሬንታም ኢንስቲትዩት የነዋሪዎቹ መሰብሰቢያ፣ መማሪያና የስፖርት ቦታ ነበር። ከ1934 እስከ 1936 የዊምብልደንን የቴኒስ ውድድር በተከታታይ ያሸነፈው ፍሬድ ፔሪ ያደገው በዚህ ሰፈር ነው፤ አባቱ ሳሙኤል ፔሪም የኅብረት ሥራ ንቅናቄው ፖለቲከኛ ነበር።

የማኅበሩ ድክመት ካፒታሉ ላይ ነበር። የተከራዮች መዋጮ ብቻውን ይህን ያህል ቤት ሊያሠራ ስለማይችል ከውጭ ባለሀብቶች ገንዘብ መሰብሰብ ግድ ሆነ፤ በዚህም ሳቢያ የባለቤትነቱ ሚዛን ሁልጊዜ በነዋሪው እጅ አልነበረም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1919 በወጣው የቤቶች ሕግ መሠረት የአካባቢ ምክር ቤቶች በመንግሥት ድጎማ የሠራተኛ ቤት በብዛት መሥራት ሲጀምሩ፣ ንቅናቄው ጉልበቱን አጣ። በ1930ዎቹም የብሬንታም ቤቶች ወደ ንብረት ኩባንያ እጅ ገቡና ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ ለግለሰቦች ተሸጡ፤ የጋራ ባለቤትነቱም በዚሁ አበቃ። ሰፈሩ ራሱ በ1969 በቅርስነት የሚጠበቅ አካባቢ ተብሎ በመሰየሙ፣ ዛሬ የቤቱ ባለቤት እንኳ የፊት ለፊቱን በርና መስኮት ያለ ፈቃድ እንዳሻው መቀየር አይችልም።