በውሃ ላይ ድንበር መግፋት ምንድን ነው?

መሬት ላይ ድንበር የገፋ ሰው በድንበር ድንጋይ፣ በእማኝና በሽማግሌ ይጠየቃል። ባሕር ላይ ድንጋይ የለም። ያለው ገመድ ላይ የታሰረ ተንሳፋፊ ምልክትና አስጋሪዎች በልምድ የሚጠብቁት ርቀት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1975 በኋላ ከቬትናም ሸሽተው በአሜሪካ ቴክሳስ ጠረፍ የሰፈሩ ስደተኞችና ነባሮቹ አስጋሪዎች መጣላት የጀመሩት በዚሁ ርቀት ነው።

የሸርጣን ወጥመድ ከሽቦ የተሠራ ሳጥን ነው። መሐሉ ላይ የዓሣ ቁራጭ ይታሰራል፤ ሸርጣኑ ወደ ውስጥ እየጠበበ በሚሄደው ጉሮሮ ይገባል፣ መውጫው ግን ይጠፋበታል። ባለቤቱ ወጥመዶቹን በረድፍ ይጥልና ተንሳፋፊዎቹን እየተከተለ ያነሳቸዋል። ሌላው መጥቶ በዚያው ረድፍ መሐል የራሱን ሲጥል የአንድ ሰው ሸርጣን ለሁለት ይከፈላል፣ ገመድ ከገመድ ይጠላለፋል፣ ሲነሳም አንዱ የሌላውን ይቆርጣል። ሽሪምፕ የሚባለውን ትንሽ የባሕር እንስሳ የሚያጠምድ ጀልባ ከመጣ ይብሳል፤ በሁለት ከባድ ሳንቃዎች ተከፍቶ ከባሕሩ ወለል ጋር የሚጎተተው መረብ ወጥመዱን ጠርጎት ይሄዳል። ጠዋት ወጥመዱን ያጣ ሰው ማን እንደወሰደበት አላየም። የሚጠረጥረው አዲስ መጩን ነው።

ርቀቱ የትም አልተጻፈም፤ ነባሮቹ ከአባቶቻቸው ነው የተማሩት። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው ታዲያ ማንን ይጠይቅ? ስደተኞቹ በቤተሰብ ሆነው ረጅም ሰዓት ይሠሩ፣ ገንዘብ አዋጥተው ጀልባ ይገዙ ነበር፤ ይህም ቅሬታውን አባባሰው። በኦገስት 1979 ሲድሪፍት በምትባል ትንሽ ከተማ የወጥመድ ጠብ ወደ ተኩስ አመራና አንድ ነባር አስጋሪ ሞተ። ወዲያው የቬትናማውያን ጀልባዎች ተቃጠሉ። የተከሰሱት ሁለት ቬትናማውያን ወንድማማቾች ራሳቸውን ሲከላከሉ ነው ተብሎ በነጻ ተሰናበቱ።

ከዚያ ጠቡን የነጮች የበላይነት አራማጅ የሆነው ቡድን ኩ ክላክስ ክላን ወሰደው። በማርች 1981 ነጭ ቀሚስ የለበሱ ታጣቂዎች አሻንጉሊት ሰው በጀልባ ላይ ሰቅለው በጋልቨስተን የባሕር ወሽመጥ ዞሩ። ይህ ድንበር ማስከበር አይደለም፤ ሰው ከእንጀራው ማባረር ነው። የቬትናማውያኑ ማኅበርም ክስ መሠረተ። ዳኛ ጋብሪዬል ማክዶናልድ በሜይ 14፣ የሽሪምፕ ወቅት ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጊዜያዊ የዕግድ ትዕዛዝ ሰጡ። ከተጠቀሱት ሕጎች አንዱ የፀረ ሞኖፖሊ ሕግ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ተፎካካሪን በማስፈራራት ከገበያ ማስወጣት ያስጠይቃል ማለት ነው።

ዕግዱ ጠመንጃውን አራቀ እንጂ ባሕሩን አልለካም። ልኩ የመጣው በኋላ፣ በመንግሥት ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ቴክሳስ በወሽመጦቿ የሽሪምፕ ማስገሪያ ፈቃድ ቁጥርን ገደበች፤ መሸጥ ከሚፈልጉም ፈቃዱን ትገዛ ጀመር። ለሸርጣን ደግሞ በአንድ የንግድ ፈቃድ ከ200 ወጥመድ በላይ መጣል አይቻልም፤ ወጥመዱም የባለቤቱን መለያ መያዝ አለበት። በየፌብሩዋሪው ለ10 ቀናት ወጥመድ ሁሉ ከውሃ ይወጣል፤ ውሃ ውስጥ የቀረው እንደተጣለ ተቆጥሮ ይሰበሰባል።