«መንፈሱ ነገረኝ» ማስረጃ ይሆናል?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከአያት እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ወርቅ ከቤት ሲጠፋ ሁሉም ሰው ፖሊስ ጣቢያ አይሄድም። አዋቂ ቤት የሚሄድ አለ። ሲኒ ይነበባል፣ ሞራ ይታያል። መንፈስ ያናግራል የተባለ አፕ ስልኩ ላይ የሚጭን ወጣትም አይጠፋም።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ሌባ ሻይ የሚባል አሠራር ነበር፤ ያውም መንግሥት የሚያውቀው። ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ ነገር ያጠጡታል። ወገቡን በገመድ ያስሩትና ይለቁታል። እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፣ ዕዳውም የእሱ ነው። የገመዱን ጫፍ የሚይዘው ግን ትልቅ ሰው ነው። ልጁን ወዴት እንደሳበው ማን ያውቃል?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1891 የባለቤትነት መብት የተሰጠው ዊጃ ቦርድ፣ መንፈስ ያናግራል የተባለ ባለ ፊደል ሰሌዳ፣ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰዎች በጠቋሚው ላይ ጣታቸውን ያሳርፋሉ፤ ጠቋሚው ፊደል እየመረጠ ይሄዳል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ካርፔንተር በ1852 ምክንያቱን አስረድቷል፦ ሐሳባችን ሳይታወቀን ጡንቻችንን ያንቀሳቅሳል። በዓመቱ ሳይንቲስቱ ማይክል ፋራዴይ፣ «በመንፈስ ይዞራል» የተባለውን ጠረጴዛ የሚገፋው የተቀመጡት ሰዎች እጅ መሆኑን በሙከራ አሳየ። ማንም አላታለለም፤ ሁሉም ከልቡ ነበር። የመንፈስ ድምፅ ቀዳ የሚባለውም ሬዲዮ እንዲሁ ነው። ጆሮ በሹሹታ ውስጥ የጠበቀውን ቃል ይሰማል።

መንፈስ አለ የለም የሚለው የእምነት ጉዳይ ነው፤ እዚህ አልገባበትም። የሚያምን ሰው ግን አንድ ነገር ያስብ። ሰይጣን የሐሰት አባት ነው እየተባልን ያደግን ሰዎች፣ ማንነቱን የማናውቀው መንፈስ እውነት ለመናገሩ ማን ዋስ ይሆነናል?

ፍርድ ቤትም ይህን መንገድ አይቀበልም። በ1994 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ አራት የጁሪ አባላት (ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑ ተራ ዜጎች) በግድያ ክስ ላይ ሳሉ፣ ባደሩበት ሆቴል በብርጭቆና በፊደላት ሟቹን «ጠየቁ»። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያሉበትን ውሳኔ ሽሮ ክሱ እንደገና እንዲታይ አዘዘ። በእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 መሠረት ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የማየትና ምስክሮቹን የመጠየቅ መብት አለው። ለመንፈስ መስቀለኛ ጥያቄ አይቀርብለትም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ፍርድ ቤት የማይደርሰው ነው። ሲኒ አንባቢዋ «ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ይገባል?» ትላለች። ወርቅ የጠፋባት ሴት «ሠራተኛዬ አለች» ብላ ትመልሳለች። ጥቆማው የወጣው ከባለጉዳይዋ ከራሷ አፍ ነው፤ ወደ ቤት የሚመለሰው ግን የመንፈስ ቃል ሆኖ ነው። ከገጠር የመጣች ልጅ ቦርሳዋ ይበረበራል፣ ደሞዟ ይያዛል፣ ተያዧ ተጠርቶ ይሰደባል። «ሌባ ናት» ከተባለ ወዲያ ሌላ ቤት ለመግባት ማን ተያዥ ይሆናታል?