ብሔራዊ የባቡር ድርጅት ምንድን ነው?

ገና ሳይነጋ ከአንዲት ትንሽ ጣቢያ የሚነሣ ባለ ሁለት ፉርጎ ባቡር እናስብ። ተሳፋሪው ከሃያ አይበልጥም፤ ተማሪዎች፣ የሐኪም ቀጠሮ ያላቸው አንዲት አሮጊት፣ ከሌሊት ፈረቃ የሚመለሱ ሠራተኞች። ሃያ ሰው የሚከፍለው የቲኬት ገንዘብ የነዳጁን ወጪ እንኳ በቅጡ አይሸፍንም፤ የነጂው ደመወዝ፣ የድልድዩ እድሳት፣ የሐዲዱ ጥገናማ ከናካቴው አይነሣም። ባቡሩ ግን ነገም ከነገ ወዲያም በዚያው ደቂቃ ይነሣል። ለምን እንደሚነሣና ሒሳቡን ማን እንደሚዘጋ ያወቀ ሰው፣ ብሔራዊ የባቡር ድርጅት ምን እንደሆነ አውቋል ማለት ነው።

ትርጉሙ ረጅም አይደለም። የአንድን አገር የባቡር መስመር በሙሉ ወይም አብዛኛውን ይዞ የሚያንቀሳቅስ፣ ባለቤቱ መንግሥት የሆነ ተቋም ነው። መልኩ ግን ከአገር አገር ይለያያል። በህንድ ባቡሩ የራሱ ሚኒስቴር አለው፤ በጀቱም ከ1924 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከአገሪቱ አጠቃላይ በጀት ተለይቶ ለብቻው ይቀርብ ነበር። ሁለቱ የተቀላቀሉት በ2017 ነው። በጀርመን ደግሞ ከ1994 ወዲህ ድርጅቱ አክሲዮን ማኅበር ነው፤ አክሲዮኑ ግን በሙሉ የፌዴራል መንግሥቱ ነው። ጃፓን ከ1949 እስከ 1987 የሞከረችው ሦስተኛ መልክ ነበር፤ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤትም የንግድ ድርጅትም ያልሆነ የሕዝብ ኮርፖሬሽን። የዚህኛው ታሪክ ብዙ ስለሚያስተምር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን መንግሥት ለምን በባቡር ሥራ ውስጥ ይገባል? በመኪና መንገድ ላይ የፈለገ ሰው መኪናውን ይዞ ይወጣል፤ የቀደመው ይቀደማል፣ የቸኮለ ጥሩንባ ያሰማል። ባቡር ግን መሪ የለውም። ከፊቱ ሌላ ባቡር ቆሞ ቢያገኝ ጥግ ይዞ ማለፍ አይችልም፤ ጭነት የያዘ ረጅም ባቡር ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊፈጅበት ይችላል። ስለዚህ የትኛው ባቡር በየትኛው ደቂቃ የትኛውን ሐዲድ እንደሚይዝ አስቀድሞ የሚወስን አንድ አካል ያስፈልጋል። ሐዲዱና ባቡሩ ሲታዩ ሁለት ነገር ይምሰሉ እንጂ የሚሠሩት እንደ አንድ መሣሪያ ነው። ወጪውም እንዲሁ ነው፤ በቀን አንድ ባቡር ቢያልፍም ሃምሳ ቢያልፍ፣ መሬቱ ተገዝቷል፣ ዋሻው ተፈልፍሏል፣ ድልድዩ ቆሟል። ተፎካካሪ መጥቶ ጎን ለጎን ሁለተኛ መስመር ቢዘረጋ ዋጋ ከመቀነሱ በፊት ሁለቱም ሊከስሩ ይችላሉ።

እንግሊዝ ይህን በራሷ ኪስ ተምራለች። ባቡሩ እዚያ የተጀመረው በግል ኩባንያዎች ነው። በ1846 ብቻ ፓርላማው 272 የባቡር ሕጎችን አጸደቀ፤ ከተፈቀዱት መስመሮች ብዙዎቹ ሳይሠሩ የባለ አክሲዮኖቹን ገንዘብ በልተው ቀሩ። በሐዲድ ስፋት እንኳ አልተስማሙም ነበር። አንዱ ታላቅ ኩባንያ 2,140 ሚሊ ሜትር ሲጠቀም የቀሩት አብዛኞቹ 1,435 ሚሊ ሜትር ላይ ነበሩ። ሁለቱ ስፋቶች በሚገናኙበት በግሎስተር ጣቢያ ተሳፋሪው ሻንጣውን ተሸክሞ ባቡር ይቀይራል፤ ዕቃው ሳጥን በሳጥን፣ ከብቱ በጅራፍ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ ይዛወራል። ሰፊው ሐዲድ ጨርሶ የተነሣው በ1892 ነው።

ቤልጂየም በተቃራኒው በመንግሥት ጀመረች። ከኔዘርላንድ ከተለየች ገና አራት ዓመቷ ነበር፤ ወደ ራይን ወንዝና ወደ ጀርመን የሚወስደው የንግድ መንገዷ በጎረቤቷ እጅ እንዳይታነቅ ትሰጋለች። ስለዚህ በ1834 በወጣ ሕግ መንግሥት ራሱ መረቡን ሊዘረጋ ወሰነ፤ ከብራስልስ ወደ ሜህለን የሚሄደው የመጀመሪያው መስመርም በ1835 ተከፈተ። የቀሩት አገሮች ወደዚያው የደረሱት በየራሳቸው መንገድ ነው። ፕሩሲያ በቢስማርክ ዘመን የግል መስመሮችን እየገዛች ጠቀለለች፤ ትርፉም የመንግሥቷ ዋና የገቢ ምንጭ ሆነ። ስዊዘርላንዶች በ1898 በሕዝበ ውሳኔ ዋናዎቹን መስመሮች እንዲገዙ መንግሥታቸውን አዘዙ። ፈረንሳይ በ1938 በዕዳ የተዘፈቁትን ኩባንያዎች በአንድ ድርጅት ውስጥ አዋሐደች። እንግሊዝ ደግሞ ጦርነቱ ያደከማቸውን አራት ኩባንያዎች በ1948 መጀመሪያ ቀን ተረከበች። ባቡር ሁልጊዜ ለመንግሥት ሸክም ሆኖ የመጣ የሚመስለው ሰው የፕሩሲያን ምሳሌ ያስታውስ።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። የዚህ ድርጅት ትልቁ ሀብት ባቡሩ ወይም ጣቢያው ይመስለናል። ለእኔ ግን የጊዜ ሰሌዳው ነው። ስዊዘርላንዶች በ1982 ባቡሮቻቸው በየሰዓቱ በአንድ ዓይነት ደቂቃ እንዲነሡ አደረጉ፤ በ1987 ደግሞ መረቡን በዚሁ ሐሳብ ዙሪያ ለማደስ በድምፅ ወሰኑ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ከየአቅጣጫው የሚመጡ ባቡሮች ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ወደ አንድ ትልቅ ጣቢያ ይገባሉ፤ ተሳፋሪው በመድረኩ ላይ ተሻግሮ የሚፈልገውን ይሳፈራል፤ ሰዓቱ እንዳለፈ ሁሉም ተከታትለው ይወጣሉ። ይህ እንዲሆን በሁለት ትላልቅ ጣቢያዎች መካከል ያለው ጉዞ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ማነስ አለበት። በርንና ዙሪክን የሚያገናኘው ጉዞ ከዚያ ይበልጥ ስለነበር አዲስ ሐዲድ ተሠርቶ በታኅሣሥ 2004 ወደ 56 ደቂቃ ወረደ። ልብ በሉ፤ ወደ 40 ደቂቃ ሊያወርዱት አልደከሙም። ቀድሞ ደርሶ መድረክ ላይ የሚቆም ባቡር ለማንም አይጠቅምም። መጀመሪያ ሰሌዳውን ጻፉ፣ ሐዲዱን የሠሩት ከዚያ በኋላ ነው። መስመሩን፣ ባቡሩንና ሰሌዳውን አንድ አካል ባያስብላቸው ኖሮ ይህ እንዴት ይሆን እንደነበር አላውቅም።

ሁለተኛው ሥራ ባቡሮችን አለማጋጨት ነው። በ1874 በእንግሊዝ በቶርፕ አቅራቢያ በነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች በሌሊት ፊት ለፊት ተጋጭተው 25 ሰዎች ሞቱ፤ ምክንያቱ በሁለት ጣቢያ ሠራተኞች መካከል የተፈጠረ የቴሌግራፍ አለመግባባት ነበር። ከዚያ በኋላ ኤድዋርድ ታየር የተባለ መሐንዲስ አንድ መሣሪያ አበጀ። በነጠላው ሐዲድ ሁለት ጫፎች በኤሌክትሪክ የተያያዙ ሁለት ሣጥኖች ይቀመጣሉ፤ በውስጣቸው ክብ የብረት ሰሌዳዎች አሉ። ከሁለቱ ሣጥኖች በአንዱ አንድ ብረት ከወጣ፣ ያ ብረት ተመልሶ እስኪገባ ድረስ ከሁለቱም ሌላ ብረት አይወጣም። ነጂው ብረቱን በእጁ ካልያዘ ንቅንቅ አይልም። ዛሬ በብዙ አገር ሥራውን ኮምፒውተር ተክቶታል፤ ሕጉ ግን ያው ነው፤ ለአንድ ቁራጭ ሐዲድ አንድ ባቡር ብቻ።

ሦስተኛው ሥራ ማንም የማያየው ጥገና ነው። ብረት በሙቀት ይረዝማል። የብረቱ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር አንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ወደ 11 ሴንቲ ሜትር መርዘም ይፈልጋል። ዛሬ ሐዲዱ ያለ ክፍተት እየተበየደ ስለሚሠራ የሚረዝምበት ቦታ የለውም፤ እንዳይጣመም አጥብቀው የሚይዙት ከሥሩ የተጋደሙት ኮንክሪቶችና በዙሪያው የተከመረው ጠጠር ናቸው። በባቡር መስኮት ስናየው ተራ ድንጋይ የሚመስለን ጠጠር ሲያንስ ወይም በአፈር ሲደፈን ሐዲዱ በአንድ ፀሐያማ ቀን እንደ እባብ ሊጣመም ይችላል። ይህን ጥገና ለአንድ ዓመት ቢዘሉት የሚያውቅ ተሳፋሪ የለም። ለሁለት ዓመትም እንዲሁ። ገንዘብ ያጠረው ድርጅት መጀመሪያ የሚቆርጠው እርሱን የሆነውም ለዚህ ነው፤ በእኔ እምነት በባቡር ሥራ ውስጥ ከዚህ የከፋ ኃጢአት የለም።

እንግሊዝ ባቡሯን ከ1994 እስከ 1997 ወደ ግል ስታዛውር ሐዲዱን ለአንድ ኩባንያ፣ ባቡሮቹን ለሌሎች ሰጠች። ሐዲዱን የያዘው ኩባንያ የጥገናውን ሥራ በውል ለሌሎች ሰጥቶ ነበር። በጥቅምት 2000 በሃትፊልድ አቅራቢያ በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ባቡር ሲያልፍበት አንድ ሐዲድ ተሰበረ፤ ወደ 300 ቁርጥራጭ ተበታተነ። አራት ሰዎች ሞቱ። በሐዲዱ ላይ ጥቃቅን ስንጥቆች እንደነበሩ ይታወቅ ነበር፤ አልተቀየረም። ከአደጋው በኋላ ተመሳሳይ ስንጥቅ የት የት እንዳለ ኩባንያው በእርግጠኝነት መናገር ስላልቻለ በአገሪቱ ከ1,000 በላይ ቦታዎች ላይ የፍጥነት ገደብ ተጣለ። በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው ከሰረ፤ ሐዲዱም በ2002 ለትርፍ ወዳልቆመ ተቋም ተላለፈ። በ2024 በወጣ ሕግ ደግሞ የመንገደኛ ባቡሮቹ ውል ባለቀ ቁጥር ወደ መንግሥት እንዲመለሱ ተወሰነ።

ይህን ስጽፍ የመንግሥት ባለቤትነት ብቻውን መድኃኒት ነው ማለቴ አይደለም። ለዚህ ነው ወደ ጃፓን መመለስ የሚያስፈልገው።

የጃፓን ብሔራዊ ባቡር ድርጅት በጥቅምት 1 ቀን 1964 ከቶኪዮ ወደ ኦሳካ የሚበረውን ፈጣን ባቡር ሥራ አስጀመረ። ከግንባታው ወጪ 80 ሚሊዮን ዶላሩ ከዓለም ባንክ የተገኘ ብድር ነበር። ዓለም ተደነቀ። በዚያው ዓመት ድርጅቱ ኪሳራ ውስጥ ገባ፤ ከዚያም አልወጣም። የቲኬቱን ዋጋ ለመጨመር የፓርላማ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ ዋጋ መጨመር ደግሞ ድምፅ ያሳጣል። መስመር የሚዘረጋውም ፖለቲከኞች በፈለጉበት ነበር። ጃፓኖች ለዚህ አባባል አላቸው፤ ውኃን ወደ ራስ ማሳ መጥለፍ የሚለውን ብሂላቸውን ለውጠው ሐዲድን ወደ ራስ ማሳ መጥለፍ ይሉታል። መኪናና የጭነት አውቶሞቢል ገበያውን ሲወስዱ ድርጅቱ ዋጋውንም፣ መስመሩንም፣ የሠራተኛውንም ቁጥር በራሱ መወሰን አልቻለም። የቀረው ነገር መበደር ብቻ ነበር። በ1987 ሲፈርስ ዕዳው 37 ትሪሊዮን የን ደርሷል።

እንግዲህ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ያ የንጋት ባቡር የሚሰጠው ጥቅም እውነተኛ ነው። ተማሪዎቹ ትምህርት ቤት ይደርሳሉ፣ አሮጊቷ ሐኪም ያገኛሉ፣ ከተማው በመኪና አይጨናነቅም፣ ጣቢያው አጠገብ ያለው መሬት ዋጋ ያወጣል። ከዚህ ጥቅም ወደ ቲኬት መስኮት የሚመጣው ጥቂቱ ነው፤ የቀረውን አገር ይሰበስበዋል። አገር የሚሰበስበውን አገር ቢከፍልበት ፍትሐዊ ነው፤ ልመናም ምጽዋትም አይደለም። በሽታው የሚጀምረው መንግሥት ባቡሩ ይነሣ ብሎ አዝዞ ገንዘቡን ሳይከፍል ሲቀር፣ ከዚያም በዓመቱ መጨረሻ ድርጅቱን ከሳሪ እያለ ሲወቅስ ነው። በ2007 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ይህን ለማስቀረት ሞክሯል፤ መንግሥት ለማያተርፍ አገልግሎት ካሣ የሚከፍል ከሆነ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚከፈል በውል ላይ ይጻፍ ይላል። ውል ሲኖር ኪሳራው ከስንፍና የመጣ ይሁን ከትእዛዝ ይለያል። የህንድ መንገድ ሌላ ነው፤ የመንገደኛው ቲኬት እንዲረክስ የጭነቱ ዋጋ ከፍ ይላል። ይህም መክፈያ ነው፤ ከፋዩ የድንጋይ ከሰልና የእህል ላኪው ነው።

ጃፓን ድርጅቷን በስድስት የመንገደኛና በአንድ የጭነት ኩባንያ ከፈለች። ቶኪዮን፣ ናጎያንና ኦሳካን የያዙት ሦስቱ አትራፊ ሆኑ፤ ሰው በሚርመሰመስበት አገር ባቡር ያተርፋል። ሌሎቹን ሦስት ደሴቶች የያዙት የቀሩት ሦስቱ እንደማያዋጡ ከመጀመሪያው ስለታወቀ፣ ወለዱ ኪሳራቸውን እንዲሸፍን ታስቦ ከ1.2 ትሪሊዮን የን በላይ የሆነ ፈንድ ተሰጣቸው። በ1987 ሐሳቡ ያስኬድ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የጃፓን የወለድ መጠን ወደ ዜሮ ወረደ፤ ፈንዱ እያለ ገቢው ደረቀ። ከሦስቱ ኪዩሹ ሆቴልና የንግድ ሕንፃ እየሠራ በ2016 አክሲዮኑን ለገበያ አቀረበ። በረዷማው ሆካይዶ ግን ዛሬም በመንግሥት እጅ ነው፤ የሚያገለግለው ሕዝብ ጥቂት፣ የሚጠርገው በረዶ ብዙ ነው። እዚያ የሩሞይ መስመር ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ሩሞይ ከተማ የሚዘልቀው ክፍል በመጋቢት 31 ቀን 2023 የመጨረሻ ባቡሩን አሳልፎ ተዘጋ።