ቨርቹዋል አሲስታንት ምንድን ነው? ከቢሮ መልስ የሚሠራው ሥራ

እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «ቀን ቢሮ ይውላል፣ ማታ ደግሞ አሜሪካ ላለ ሰው ቀጠሮ ይይዛል» ትላለች። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አልሰማሁም።

ቨርቹዋል አሲስታንት፣ ባጭሩ ቪኤ፣ የቢሮ ሥራን ሩቅ ሆኖ በኢንተርኔት የሚሠራ ረዳት ነው። ድሮ በየመሥሪያ ቤቱ ከሥራ አስኪያጁ በር አጠገብ የምትቀመጠውን ጸሐፊ አስቡ። ስልክ ታነሳለች፣ ደብዳቤ ትመታለች፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላ ባለጉዳይ ትመልሳለች፣ የአለቃዋን ቀጠሮ ከራሱ ከአለቃዋ በላይ ታውቃለች። እሷን አዲስ አበባ፣ ቤቷ ሳሎን ውስጥ አስቀምጧት፣ አለቃዋን ደግሞ ሜሪላንድ። ቪኤ ይኸው ነው። ትልቁ ልዩነት ጸሐፊዋ ተቀጣሪ መሆኗ ነው። ቪኤ ግን ብዙውን ጊዜ የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ነው፤ ዋጋውን ራሱ ይናገራል፣ ላፕቶፑም ኢንተርኔቱም የራሱ ነው፣ ሳይከፈለው ሲቀርም የሚጨቀጭቀው ራሱ ነው። የሕመም ፈቃድ የሚባል ነገር የለም።

ምን ይሠራል ካላችሁ፣ ደንበኛው መሥራት እየቻለ ጊዜ ያጣለትን ሁሉ። ኢሜይል ማጣራት፣ ቀጠሮ መያዝ፣ ደረሰኝ ኤክሴል ላይ ማስገባት፣ የአውሮፕላን ትኬት ማማረጥ፣ ላልከፈለ ሰው በትሕትና «ሂሳቡን እንዳይረሱት» ብሎ መጻፍ፣ ፌስቡክ ገጽ ላይ ለሚጠይቅ መመለስ። ፈረንጅ ደንበኛ ብቻ አይምሰላችሁ። እዚያው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የታክስ ቢሮ የከፈተ፣ ሬስቶራንት ያለው፣ ወይም የጭነት መኪና እየነዳ ስልክ የሚያነሳለት ያጣ አበሻ ሞልቷል። ፊሊፒኖች በዚህ ሥራ በዓለም ስመ ጥር ናቸው፣ እንግሊዝኛቸውም ከብዙዎቻችን ይሻላል። ነገር ግን ፎርሙ ግራ የገባቸው እማማ ደውለው «ልጄ፣ ይሄ ነገር ምን ይላል?» ሲሉ የሚመልስላቸው አማርኛ የሚችል ሰው ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰዓት። ይሄ ሥራ ከመደበኛ ሥራ ጋር ይሄዳል ወይ ለሚለው ጥያቄ ግማሹ መልስ ደንበኛው ያለበት አገር ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት፣ እነሱ 9 ሰዓት ሲሉት፣ እኛ ጋ በእነሱ ክረምት (ብርዱ ወቅት) ከቀኑ 11፣ በእነሱ በጋ (ሙቀቱ ወቅት) ደግሞ 10 ሰዓት ነው። ስለዚህ 11:30 ላይ ከሥራ ወጥታችሁ፣ ታክሲ ተጋፍታችሁ፣ ቤት ገብታችሁ እራት ቀማምሳችሁ ማታ 1 ሰዓት ላይ ላፕቶፕ ስትከፍቱ፣ እዚያ ገና ረፋድ ወይም እኩለ ቀን ነው። ጠዋት ያዘዘውን ሳይመሽበት ታደርሱለታላችሁ። ፊሊፒንስ፣ ማኒላ ያለው ቪኤ ለዚሁ ሰው ሲሠራ ሌሊቱን አፍጥጦ ነው የሚያድረው። ይሄ ዕድላችን ለምን ብዙ እንደማይወራ አይገባኝም። አውሮፓ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። በርሊን ከእኛ የምትዘገየው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ጀርመን ያለው ደንበኛ «አሁኑኑ» የሚልበት ሰዓት እናንተ አለቃችሁ ፊት የተቀመጣችሁበት ሰዓት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ደንበኛ ተቀበሉ የምለው «ለነገ ጠዋት ይድረስ» የሚባል ሥራ ብቻ ነው፤ የተቀዳ ድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፣ መረጃ ማስገባት፣ የመሳሰለው።

አሜሪካኖች ደግሞ በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ፤ በማርች ሁለተኛው እሁድ እና በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ። የእኛ ሰዓት ንቅንቅ አይልም። በማግስቱ ሰኞ ተዘናግቶ ስብሰባ የሚያበላሽ ቪኤ አይጠፋም።

የእኔ ስህተት ግን ከዚህም የባሰ የአበሻ ስህተት ነበር። የመጀመሪያው ደንበኛዬ የአገራችን ሰው ነው። አንድ ቀን በዋትሳፕ «ማክሰኞ 3 ሰዓት ላይ ከባንኩ ሰው ጋር ቀጠሮ ያዝልኝ» ብሎ በአማርኛ ጻፈልኝ። 3 ሰዓት ስባል የታየኝ ጠዋት ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር 9። ያዝኩለት። እሱ እዚያ ብዙ ዓመት ስለኖረ አማርኛ እየጻፈ የሚያስበው በፈረንጅ ሰዓት ነበር፤ ያለው ከሰዓት በኋላ 3ን ነው። የባንኩ ሰው ጠዋት ጠብቆ ጠብቆ ሄደ። ደንበኛዬ አልጮኸብኝም፣ «ምን ነካህ ወንድሜ?» ብቻ ብሎ ላከልኝ፣ እሱ ከጩኸት ይብሳል። ከዚያ ወዲህ ሰዓት ስጽፍ የማን አቆጣጠር፣ የየት ከተማ፣ ጠዋት ወይስ ማታ የሚለውን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ደረቅ ነህ ብባልም ግድ የለኝም። ጉግል ካላንደር ላይም የሁለት አገር ሰዓት ጎን ለጎን ማሳየት ይቻላል። ሴቲንግ ውስጥ አንዴ ገብታችሁ ማስተካከል ነው።

ሌላው የይለፍ ቃል ነው። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ሐሳቡ የኢሜይሉን ፓስወርድ በቴሌግራም መላክ ነው። እምቢ በሉ። ጂሜይል ላይ ውክልና መስጠት ይቻላል፦ ባለቤቱ ሴቲንጉ ውስጥ የእናንተን አድራሻ ያስገባል፣ እናንተም በራሳችሁ አካውንት ገብታችሁ የእሱን ታነባላችሁ፣ ትመልሳላችሁ። ፓስወርዱን ግን አታውቁትም፣ መቀየርም አትችሉም። የተለያያችሁ ቀን ስማችሁን ያጠፋል፣ አለቀ። አንድ ነገር ሲጠፋ «ፓስወርዱ ያለው እሱ ጋ ነበር» ከመባል ይገላግላችኋል። እኔ ይህን ለደንበኛው ራሴ ሳሳየው ገና ሥራ ሳልጀምር እምነቱ ይጨምራል።

አለቃዬ ይወቅ ወይስ አይወቅ? መጀመሪያ የሥራ ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ፣ አብዛኞቻችን ፈርመን መሳቢያ ውስጥ ነው የከተትነው። ሌላ ሥራ በጽሑፍ ሳይፈቀድ አይሠራም የሚል ካለ ፈቃድ መጠየቅ ነው፣ መደበቁ አያዋጣም። ዝም የሚል ከሆነ እኔ አላወራም፣ ከተጠየቅኩም አልዋሽም። የቢሮውን ላፕቶፕ ለደንበኛ ሥራ መንካት ግን በፍጹም። መሥሪያ ቤቴ በሚሠራበት ዘርፍ ያለ ደንበኛም አልቀበልም። ብዙ ሰው የሚወድቀው በነዚህ አይደለም፣ ረፋድ ላይ ስልኩ ሲንጫረር «አንዴ ብቻ ልመልስ» በሚለው ነው። ዛሬ ቢሮ ሆናችሁ የመለሳችሁለት ሰው ነገም በዚያው ሰዓት ይጠብቃችኋል። የምመልስበትን ሰዓት ለደንበኛ የምነግረው ከዋጋው በፊት ነው።

ገንዘቡ እንዴት ይመጣል? ፔይፓል ከኢትዮጵያ መላክ እንጂ መቀበል አያስችልም፣ እሱን እርሱት። ብዙ ሰው ፔዮኒር የሚባለውን የኢንተርኔት ክፍያ አገልግሎት ወይም በቀጥታ ወደ ባንክ የሚገባ ዋየር ይጠቀማል። ዋየር ለትንሽ ገንዘብም ለትልቅም የሚቆርጠው ተቀራራቢ ስለሆነ በየሳምንቱ 40 ዶላር ከመቀበል ወር ጠብቆ አንዴ መቀበሉ ይሻላል። ደንበኛና ሠራተኛ በሚገናኙበት በፋይቨር የሚሠራ ደግሞ ድረ ገጹ 20 በመቶ እንደሚወስድ ዋጋ ሲያወጣ ያስላ፤ የ100 ዶላር ሥራ እጁ የሚገባው 80 ሆኖ ነው። ዲያስፖራ ደንበኛ «ብሩን እዚያው በሰው ላሰጥህ» ማለቱ አይቀርም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ በባንክና በጥቁር ገበያ መሀል ያለው ልዩነት እንደ ድሮው ባይሆንም ማጓጓቱ አልቀረም። ሕገ ወጥ ነው፣ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀትም አይኖራችሁም። ከደመወዛችሁ ላይ የሚቆረጠው ግብር ደመወዙን ብቻ ነው የሚመለከተው። የጎን ገቢው ለብቻው የሚታወቅና የሚገበርበት ስለሆነ ከመብዛቱ በፊት አንድ የሂሳብ ባለሙያ ማማከር ነው።

ቴሌግራም ላይ «የቪኤ ሥራ፣ ለመመዝገብ ይህን ያህል ብር» የሚል ካያችሁ እለፉት። ሥራ የሚሰጥ ሰው ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም።

መብራትና ኔትወርክን እናንተው ታውቁታላችሁ። እኔ የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም አለኝ፣ አንዱ ሲደክም ወደ ሌላው እዞራለሁ። ላፕቶፑን ከቢሮ እንደገባሁ ቻርጅ ላይ እሰካዋለሁ፣ ከዚያ ነው ጫማ የማወልቀው።

ስንት ሰዓት ይበቃል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። በዚያ ላይ 10 ሰዓት ስትጨምሩ 58 ይሆናል፣ ታክሲው ሳይቆጠር። እኔም በሳምንት በ10 ሰዓት ጀምሬ አንድ ሰሞን 20 አድርሼው ነበር። ገንዘቡ ደስ ይላል፣ ግን ቢሮ ስብሰባ ላይ ዓይኔን ገልጬ መተኛት ተማርኩ፣ ቤትም ልጄ «አባዬ፣ ዛሬ አሜሪካ ዕረፍት የላቸውም?» ማለት ጀመረች። አሁን ሁለት ደንበኛ ብቻ ነው ያለኝ፣ እሁድ አልነካም። ባለፈው ወር ሦስተኛ መጥቶ ነበር፣ ካሊፎርኒያ ነው ያለው። ጠዋቱ የሚጀምረው እኛ ጋ ማታ 1 ወይም 2 ሰዓት ላይ ነው፣ አምሽቶ መሥራት ለሚወድ ጓደኛዬ አሳለፍኩለት።